አራቱ ባዶ ካርቶኖች

የረመዳን የመጀመሪያው ቀን ፆም ተፈትቶ፣ በግብፅ መሀላ በምትባል ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሆዱን ሞልቶ ቴሌቪዥን ፊት በተዘረረበት ሰዓት፣ ታሃኒ የገዛ ቃሏን ከሌላ ሴት አፍ ሰማችው።

ነገሩ ማስታወቂያ ነበር። በረመዳን ድራማው አጭር፣ ማስታወቂያው ረጅም መሆኑን የማያውቅ የለም። ሰዉም በአፉ የድራማውን ስም ይጥራ እንጂ ዓይኑ የሚጠብቀው ማስታወቂያውን ነው፤ ዘንድሮ የትኛው ኮሜዲያን ለየትኛው ኩባንያ ጨፈረ፣ የትኛው ዘፈን ልጆች አፍ ውስጥ ገባ፣ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። በዚህኛው ላይ አንድ ክፍት የጭነት መኪና የሙሽራ ዕቃ ተሸክሞ፣ በእልልታና በከበሮ ታጅቦ በጠባብ ሰፈር ውስጥ ያዘግማል። ድንገት ነፋስ ይመጣል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ የፍሪጅ ካርቶን ከመኪናው ላይ ብድግ ይልና በሰዉ አናት ላይ እየተንሳፈፈ ይሄዳል። የሙሽራዋ እናት ሆና የምትሠራው ወፍራም ኮሜዲያን ታፋዋን በመዳፏ ጧ አድርጋ፣ «ምን ታፈጣላችሁ! አዲሱ ሞዴል ስለሆነ ነው የቀለለው!» ትላለች። ቀጥላ ወደ ተመልካቹ ዞር ትልና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰው የሚቆጥረው ካርቶኑን ነው እቴ፣ ውስጡን ማን ያያል?»

መጨረሻ ላይ የአንድ የቤት ዕቃ ኩባንያ ስም ብቅ አለና ሕፃናት «የኛ ካርቶን ሙሉ ነው፣ የኛ ካርቶን ሙሉ!» እያሉ ዘፈኑ።

ታሃኒ እጇ ላይ የነበረው ቴምር እዚያው ቀረ። ከላይ ካለው ፎቅ፣ ከታች ካለው ሱቅ፣ ከፊት ለፊቱ ቤት መስኮት ሳቅ ፈነዳ። ልጇ ሃጀር ግን አልሳቀችም፤ «ሻይ ላፍላ» ብላ ተነስታ ወደ ኩሽና ገባች።

«ያ ረቢ!» አለች ታሃኒ ብቻዋን። «ጉዴ ፈላ።»

ከአምስት ወር በፊት ነው። ኢንጂ የምትባል፣ ከካይሮ የመጣች፣ ፀጉሯን የተተኮሰች ወጣት በጎረቤት በኩል አፈላልጋ ሳሎኗ መጥታ ተቀመጠች። «እትዬ ታሃኒ፣ ለጥናት ነው፤ ስምዎ የትም አይወጣም። ልጅ ሲድሩ ምን ምን ይገዛሉ? ለማን ብለው? ማን ያየዋል ብለው?» አለቻት። ታሃኒ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚህ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓይን ዓይኗን እያየ «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሏት አያውቅም። አፏ ተፈታ! መሀላ ውስጥ ሴት ልጅ መዳር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ዘረገፈችላት። ለሁለት ክፍል ቤት ሰማንያ ፎጣ፤ ማንም የማይበላበት መቶ ሃያ ሳህን፤ ዕቃው በመኪና ተጭኖ ወደ ሙሽራው ቤት ሲሄድ ሰፈሩ በረንዳ ላይ ወጥቶ ካርቶን እንደሚቆጥር፤ ትልልቁ ዕቃ እንደታሸገ ለዓመታት እንደሚቀመጥ። ከዚያም ማንም ሳያስገድዳት፣ ለእህት እንኳ የማይነገረውን ነገረቻት፤ የሃጀር አራት ካርቶኖች ባዶ ናቸው።

ዲፕ ፍሪዘሩ፣ የሳህን ማጠቢያው ማሽን፣ የምንጣፍ መጥረጊያው፣ ትልቁ ቴሌቪዥን። ካርቶኖቹን ብቻ ከአንድ ዕቃ ሻጭ ገዝታ፣ እንደ አዲስ አሳሽጋ ጓዳ ውስጥ ደርድራቸዋለች። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ጡረታዋ ከፍሪጅና ከልብስ ማጠቢያ በላይ አላራመዳትም። የሙሽራው እናት ሐጃ ፊክሪያ ደግሞ አንድ ቀን እንደ ቀልድ፣ «የዘመዶቻችን ሙሽሮች ሁሉ ዲፕ ፍሪዘር ይዘው ነው የገቡት» ብላ ጣል አድርጋለች። ምን ታድርግ? ሃጀር ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ሁለት ጊዜ ታጭታ ሁለቱም ጊዜ በዕቃ ጭቅጭቅ ፈርሶባታል። ሙሽራው ዚያድ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሃጀርም ትወደዋለች፤ ይሄ ከፈረሰ ልጇ እንደምትሰበርባት ታሃኒ ታውቃለች። «ከሠርጉ በኋላ አንድ በአንድ ገዝቼ እተካዋለሁ፤ እስከዚያ ቢጠይቁኝ አዲሱ ሞዴል ነው የቀለለው እላለሁ። ሰው የሚቆጥረው ካርቶኑን ነው፣ ውስጡን ማን ያያል?» ብላ ታፋዋን መታች። ኢንጂ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ጻፈች፣ የጁስ መፍጫ በስጦታ ሰጥታት ሄደች።

ኢንጂ ቃሏን ጠብቃለች፤ ስሟ አልወጣም። የወጣው አፏ ነው፤ የታፋዋ ጥፊ ሳይቀር!

በማግስቱ ሐጃ ፊክሪያ ደወለች፤ እንደ ወጉ ታሃኒን በልጇ ስም፣ የሃጀር እናት ብላ ነው የምትጠራት።

«ኡም ሃጀር! ያቺን ማስታወቂያ አየሻት? ኧረ ሳቅ ገደለኝ፤ ወላሂ ጎኔን ያዘኝ!»

«አ... አየኋት፣ ሐጃ።»

«ደግሞ እኮ ውሸት አይደለም፤ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ! ለባሌ እህት ለሰኒያ ምን አልኳት መሰለሽ? ዚያድ እንኳንም የጨዋ ሰው ቤት ገባ አልኳት። እኔ ባዶ ካርቶን ይዘውልኝ ቢመጡ በመጣበት መኪና ነበር የምመልሰው፤ ከነሙሽራዋ!»

«አልሃምዱሊላህ» አለች ታሃኒ። ምላሷ ደርቋል፤ ያደረቀው ግን ፆሙ አልነበረም።

ስልኩን ዘግታ ለኢንጂ ደወለች። ቁጥሩን ሦስቴ ተሳሳተች።

«እትዬ ታሃኒ! አዩልን? በጣም ተወደደ እኮ! ሰዉ ራሱን አይቶበት ነው።»

«ልጄ፣ አንሺልኝ። በአላህ ይዤሻለሁ፣ ከቴሌቪዥን ላይ አንሺልኝ።»

«እሱ በእኔ እጅ አይደለም። ደግሞ እርስዎ መሆንዎን ማን ያውቃል? አርባ ሰባት እናቶች ነው ያነጋገርነው፤ አሥራ አንዱ ይህንኑ ነው ያሉን። አሥራ አንዱ! እኛ የፈጠርነው የለም እትዬ፣ እናንተው ናችሁ።»

የቀሩት አሥሩ የት እንዳሉ ታሃኒ አታውቅም። እሷ ግን መሀላ ውስጥ ናት፤ ዕቃው የሚሄደውም በመሀላ መንገድ ነው። «አላህ ይይልሽ» ብላ ዘጋችው።

በሳምንቱ ከተማው አበደ። ሰው ካርቶን ባየ ቁጥር በመዳፉ መምታት ሆነ ሥራው። ዕቃ ቤት ደጃፍ የተደረደረውን ይመታሉ፣ በጋሪ የሚሄደውን ይመታሉ፤ ባዶ ከሆነ ሳቁ አይጣል ነው። በአሥረኛው ቀን የአንዲት ሙሽራ ዕቃ በታሃኒ ቤት ፊት ሲያልፍ ሴቶቹ መኪናውን አስቁመው፣ «የኛ ካርቶን ሙሉ ነው» እያሉ አንድ በአንድ ደቅ ደቅ አደረጉት። ለጨዋታ ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። የሙሽራዋ እናት ግን አብራ ለመሳቅ እየሞከረች ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታሃኒ ከበረንዳዋ ሆና ያቺን ከንፈር አየች። የበረንዳውን ብረት ይዛ ቁጭ አለች።

«እማ! ምን ሆንሽ? ፊትሽ እኮ አመድ መሰለ» አለች ሃጀር እየሮጠች መጥታ።

«ፆሙ ነው፣ ልጄ።»

ሃጀር አጠገቧ ቁጭ አለች። «ዕቃው ትንሽ ቢቀንስ እኮ ምንም አይደለም፣ እማ» አለች።

«ዝም በይ! ማነው ይቀንሳል ያለሽ? አንዳች የሚጎድል የለም!» ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ገባች፤ ታሃኒም ስለጮኸችባት እስከ አዛን ድረስ ራሷን ስትወቅስ ዋለች።

ሃጀር ሥራ በሄደች ቀን ታሃኒ ካርቶኖቹን ከታች በኩል ከፈተች። መጀመሪያ አሸዋ ሞከረች፤ የፍሪዘሩ ካርቶን ሥሩ ተበጥሶ ጓዳው በአሸዋ ተሞላ። ስታፍስ ዋለች። ጡብ አሰበች፤ ደረጃ ላይ ቢንኳኳስ? ኋላ ሠላሳ ዓመት ከሠራችበት የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ደጃፍ ቁርጥራጭ ጨርቅ በማዳበሪያ ገዝታ ጠቀጠቀችበት። ጆሮዋን አስጠግታ በመዳፏ መታችው። ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። እሰይ! ድምፁስ ተገኘ፤ ክብደቱስ? አራት ወንድ የሚያስጎነብስ ፍሪዘር የተባለውን አንድ ሰው በብብቱ ይዞት ሲወጣ ምን ትላለች? ያዘጋጀቻትን አንዲት መልስ አገር ምድሩ እየሳቀባት ነው።

ከዚህም የከፋው የዕቃው ዝርዝር ነበር። ዕቃው ሲገባ ሙሽራው «ይህን ሁሉ ተረክቤያለሁ» ብሎ ይፈርማል፤ ወረቀቱ የሚቀመጠው በሙሽራዋ ወገን ነው። አንድ ቀን ቢጣሉና ዕቃው ተፈልጎ ቢጠፋ፣ ያ ፊርማ ሰውየውን እስር ቤት ያደርሰዋል። ደርሷልም፤ ሰፈሩ ውስጥ ያየ አለ። አራቱ ዕቃዎች ዝርዝሩ ላይ በሃጀር አጎት በሚትዋሊ ጉልህ ጽሕፈት ተጽፈዋል። ታሃኒ ይህን ቀድሞም ታውቀዋለች፤ ግን አይጣሉም እያለች ፊቷን ታዞር ነበር። አሁን ካርቶኑን ስትጠቀጥቅ የዚያድ ፊት ድቅን አለባት። «ልታዘዝ እማ» ሳይል ቤቷ ገብቶ የማያውቅ ልጅ! ታዲያ ተናገሪ ቢሏት ፊክሪያ በስልክ ያለችው ጆሮዋ ላይ ይጮኻል፤ ከነሙሽራዋ። ከዒድ በፊት ያለው ሐሙስ፣ የዕቃው መሄጃ ቀን፣ እንዲህ ዝም እንዳለች ደረሰባት።

መኪናው ከሰዓት፣ ከዓስር ሰላት በኋላ መጣ። ከበሮው ቀደመው። ዚያድ ከጓደኞቹ ጋር ዕቃ ሊጭን ከኋላው ዘሎ ወረደ። ሐጃ ፊክሪያ በጥቁር ሐር ልብስ፣ ከጎኗም የባሏ እህት ሰኒያ ደረሱ። ይህች ሰኒያ ልጇን አምና ድራ ስታበቃ ሌላው ሰው ምን ይዞ እንደመጣ መመርመር ሥራዬ ብላ የያዘች ሴት ናት። መኪናው ሥር ቆማ የሚወጣውን ሁሉ በመዳፏ ትመታለች።

«የኛ ካርቶን ሙሉ ነው!» ትላለች እየሳቀች። ደቅ። «ማጠቢያው፣ ማሻ አላህ።» ደቅ። «ፍሪጁ፣ ማሻ አላህ። ዲፕ ፍሪዘሩስ የታለ፣ ኡም ሃጀር? ፊክሪያ ስለ እሱ አውርታ አውርታ ጆሮዬን አደንቁራዋለች እኮ!»

«አ... እየመጣ ነው» አለች ታሃኒ። ምነው ምድር በተከፈተችና በዋጠችኝ አለች።

ዚያድ ጓዳ ገባ። ታሃኒ ተከትላው ሮጠች፤ ምን ልታደርግ እንደሆነ ግን አታውቀውም። ልጁ ፍሪዘሩን በሁለት እጁ አቅፎ ብድግ አደረገው። ካርቶኑ ያለ ምንም ትግል ተነሳለት። ዚያድ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዞሮም አያት።

አለቀ፤ ሃጀር አለቀላት።

ዚያድ ካርቶኑን ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። አንገቱን በበሩ አውጥቶ፣ «ኧረ ጎበዝ! ሦስት ሰው ላኩልኝ፣ ይሄ ወገብ ይቆርጣል!» ብሎ ጮኸ። ሦስት ጓደኞቹ መጡ። ለእነሱ የሆነ ነገር ሹክ አላቸው። ከዚያ አራቱም ጎንበስ ብለው፣ «ያ አላህ! ያዝ፣ ያዝ! እግርህን!» እያሉ፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ የጨርቁን ቁርጥራጭ እያቃሰቱ ተሸክመው አወጡት። ሰኒያ ደቅ አደረገችው። ድፍን ነው። «ማሻ አላህ» አለች፤ ፊቷ ግን ኮሰተር ብሏል። እልልታው ቀለጠ። ፊክሪያ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰኒያን አየቻት።

ታሃኒ ከመኪናው ኋላ እየሄደች እልል ትላለች፣ እንባዋ ደግሞ ይወርዳል። ሰዉ የደስታ መሰለው። ልጁ አውቋል! አውቆ ደግሞ ተሸከመላት! ይህ ይበልጥ አስፈራት፤ አሁን የሚፈርመው አውቆ ነው።

የአዲሶቹ ሙሽሮች ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕቃው ገብቶ ሲያልቅ ከበሮውም ሰኒያና ሌሎቹ ሴቶችም ደረጃውን ሞሉት። ዘመዶቹ ሳሎኑ ውስጥ ቀሩ፤ ሚትዋሊ፣ ፊክሪያ፣ ሃጀር፣ ዚያድ፣ ታሃኒ። በሩ ገና ቁልፍ ስላልተገጠመለት ሚትዋሊ ገርበብ አድርጎት መነጽሩን ሰካና ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ። ለመግሪብ፣ ለፆም መፍቻው፣ ሩብ ሰዓት ቀርቷል። ታሃኒ ንባቡን አልሰማችም። የምታየው ዚያድ እጅ ላይ ያለውን እስክሪብቶ ብቻ ነው።

«...ዲፕ ፍሪዘር አንድ፣ የሳህን ማጠቢያ ማሽን አንድ፣ የምንጣፍ መጥረጊያ አንድ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን አንድ። ቢስሚላህ በልና ፈርም፣ ልጄ።»

«ቢስሚላህ» አለ ዚያድ፤ ወደ ታሃኒ አላየም። እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ።

«አትፈርም!»

ድምፁ ከራሷ መውጣቱን ያወቀችው ሁሉም ሲያዩዋት ነው። «አትፈርም፣ ልጄ። አራቱ ባዶ ናቸው። ጨርቅ ነው ያለበት። ሐጃ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ፤ ሃጀር ግን አታውቅም፣ በአላህ እምላለሁ አታውቅም።»

«አውቃለሁ» አለች ሃጀር። «ማስታወቂያው የወጣ ቀን ነው ያወቅኩት። ያንቺን አነጋገር የማላውቀው መሰለሽ? ጓዳ ገብቼ ካርቶኑን ነካሁት። በማግስቱ ለዚያድ ነገርኩት። እንዳታፍሪ ብለን እኮ ነው ዝም ያልነው፣ እማ። ለምን ተናገርሽ?»

ሁሉም ወደ ሐጃ ፊክሪያ ዞሩ። ከሚትዋሊ በቀር፣ ከመሀላቸው የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ፊክሪያ ፊቷ ደም መሰለ። «ጨርቅ?» አለች። «አሥር ጊዜ ፍሪዘር ፍሪዘር ያልኩት... ለመንደሩ ሁሉ የነፋሁት... ጨርቅ?» ወደ ዚያድ ዞረች። «አንተስ? ልትፈርም ነበር? ለጨርቅ ልትታሰር ነበር?»

«ሃጀርን ነው የምፈልገው፣ እማ። ፍሪዘር ምን ያደርግልኛል?»

«ዝም በል!» እስክሪብቶውን ከእጁ መንጭቃ ወሰደች። ታሃኒ ዓይኗን ጨፈነች። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ፣ እስክሪብቶው አራት ጊዜ ሲጭር ሰማች። ስትገልጥ አራቱ መስመሮች ተሰርዘዋል። «እኔ ልጄን ለብጣሽ ጨርቅ አላሳስርም! አሁን ፈርም። ሰርጉ አይቀርም፤ ጥሪው ተጠርቷል። አንቺን ግን፣ ኡም ሃጀር፣ አንቺን...»

በሩ ተንኳኳ።

«ሐጃ!» አለ የሰኒያ ድምፅ ከውጭ። ከኋላዋ የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል። «ምን ትንሾካሾካላችሁ? ዲፕ ፍሪዘሩን ክፈቱልን እንጂ! ነጭ ነው ወይስ ብርማ? አይተን ነው የምንሄደው፤ ተወራርደናል!»

ፊክሪያ ያ ቀይ ፊቷ በአንድ ጊዜ ነጣ። ታሃኒ ይህን ፊት አወቀችው፤ ወሩን ሙሉ በመስታወት ያየችው የራሷ ፊት ነው።

«ከዒድ በኋላ ነው የሚከፈተው!» አለች ፊክሪያ።

«ምነው ሐጃ? ማስታወቂያው ላይ እንዳለው እንዳይሆን ብቻ!» ሳቅ ፈነዳ። በሩ ተገፋ።

ፊክሪያ ዘላ ጀርባዋን በሩ ላይ ለጠፈች። እግሯ በአዲሱ ንጣፍ ላይ አዳለጣት። «ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?» አለች ለታሃኒ በሹክሹክታ፣ ዓይኗ ፈጦ። «ነይ ደግፊ እንጂ!»

ታሃኒ ሮጣ ከጎኗ ገባች። ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ሆነው በሩን ተደገፉት። የፊክሪያ ልብ በክንዷ በኩል ተሰማት፤ ከራሷ ልብ ይልቅ ይፈጥን ነበር።

«ሰኒያ ካወቀች እኔ ከዚህ ከተማ መውጣቴ ነው» አለች ፊክሪያ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ወላሂ መሞቴ ነው፣ ኡም ሃጀር።»

«አታውቅም» አለች ታሃኒ። «አንቺ ብቻ ግፊ።»